ስለ አማኞች አንድነት ለማጥናት የትኛው መሣሪያ ይሻላል? አምስቱ በአንድ ሥራ ሲፈተኑ

«አማኞች አንድ ይሁኑ» በሚለው የሚከራከር ሰው አይገኝም። መሠረቱን ከመጽሐፍ አሳዩን ሲባል ግን ብዙው ሰው መዝሙር 133ን ጠርቶ፣ ዮሐንስ 17ን አክሎ እዚያው ይቆማል። ቦታዎቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን አንድነቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ድንበሩ የት እንደሆነ፣ ሲቀደድ በምን እንደሚጠገን ለማወቅ ሁለቱ አይበቁም።

ለዚህ ጥናት ሰዎች የሚያነሷቸው መሣሪያዎች አምስት ናቸው፦ የርዕስ ጥቅስ ዝርዝር፣ የስልክ መጽሐፍ ቅዱስ መፈለጊያ፣ የስትሮንግ ቁጥር ያለው ኮንኮርዳንስ (አንድ ቃል የሚገኝባቸውን ጥቅሶች ሁሉ የሚዘረዝር ማውጫ)፣ ከግሪኩ ሥር ቃል በቃል ፍቺ የተጻፈበት ኢንተርሊኒየር፣ እና ማስታወሻ ያለው የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ። አምስቱም የተመዘኑት በዚህ አንድ ርዕስ ብቻ ነው። ለሌላ ጥናት ፍርዱ ሊለወጥ ይችላል።

ውጤቱን ለማስቀደም፦ ኮንኮርዳንሱ አንደኛ ነው፤ የስልኩ መፈለጊያ አጠቃቀሙን ለሚያውቅ ጥሩ ረዳት ነው፤ ኢንተርሊኒየሩ በጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ዋጋ አለው፤ የጥናት መጽሐፍ ቅዱሱ መጨረሻ ላይ ይከፈት፤ የርዕስ ዝርዝሩ ደግሞ ባይከፈት ይሻላል።

መመዘኛው ቀላል ነበር። ጥሩ መሣሪያ ተጠቃሚውን ቢያንስ ወደ ኤፌሶን 4፥1–16፣ ወደ ሮሜ 14፥1–15፥13፣ ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ 1 እና 11፣ ወደ ገላትያ 2፥11–14፣ ወደ ሐዋርያት ሥራ 6 እና 15፣ ወደ ፊልጵስዩስ 4፥2–3 ማድረስ አለበት። ሮሜ 16፥17ንም ማሳየት አለበት፤ እዚያ ጳውሎስ ከተማሩት ትምህርት ውጭ መለያየትን ከሚያደርጉ ሰዎች ፈቀቅ እንዲሉ ይመክራል። ይህን የዘለለ መሣሪያ የርዕሱን ግማሽ ደብቋል።

የርዕስ ጥቅስ ዝርዝር

በመጽሐፍ ቅዱስ ጀርባ ላይ ወይም በኢንተርኔት የሚገኘው «አንድነት» የሚል ርዕስና ከሥሩ ከአሥር እስከ ሠላሳ ጥቅስ ነው። ፈጣን ነው፤ ችግሩም ፍጥነቱ ነው። ዝርዝሩ የሚሰበሰበው በቃል መመሳሰል ስለሆነ «አንድ» ወይም «በአንድነት» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ይገባል፣ ቃሉ የሌለበት ይቀራል።

አሞጽ 3፥3 ጥሩ ማሳያ ነው፤ «በውኑ ሁለት ሰዎች ሳይስማሙ በአንድነት ይሄዳሉን?» የሚለው። በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ ዘወትር የሚገኝ ጥቅስ ነው፤ «ካልተስማማን አብረን አንሄድም» ለሚል ሰውም፣ «ተስማምተን አብረን እንሂድ» ለሚል ሰውም እኩል ያገለግላል። ይህ ብቻውን ማስጠርጠር ነበረበት። ቀጥለው ያሉትን ቁጥሮች ብታነቡ አንበሳ ያለ አደን አያገሣም፣ ወፍ ያለ ወጥመድ አይያዝም፣ መለከት ተነፍቶ ሕዝብ ሳይፈራ አይቀርም እያለ ይሄድና ቁጥር 8 ላይ «ጌታ እግዚአብሔር ተናገረ፤ ትንቢት የማይናገር ማን ነው?» ወደሚል ይደርሳል። ክርክሩ ስለ ነቢዩ ተልእኮ ነው፤ ስለ ማኅበር ስምምነት አይደለም። ማቴዎስ 18፥20ም እንደዚሁ ነው፦ «ሁለት ወይም ሦስት» የሚለው የበደለ ወንድምን ስለ መገሠጽ ከሚናገረው ክፍል ጋር የተያያዘ ሆኖ ሳለ ለትንሽ ስብሰባ ማጽናኛ ብቻ ሆኖ ይቀርባል።

ከሚያስገባው ይልቅ የሚያስቀረው ይጎዳል። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ከግሪክ አገር መጥተው የነበሩ አይሁድ መበለቶቻቸው በየዕለቱ አገልግሎት ችላ ተባሉ ብለው ሲያንጎራጉሩ፣ ሐዋርያት ስለ አንድነት ስብከት አላሰሙም፤ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ያነሣው ወገን ማዕዱን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች ከራሱ መካከል ማግኘቱን ስሞቹ የሚጠቁሙ ይመስላል። ስለ አንድነት ከዚህ የበለጠ ተግባራዊ ክፍል መፈለግ ይከብዳል፤ «አንድ» የሚለው ቃል ጎልቶ ስለማይታይበት ግን ዝርዝር ውስጥ ቦታ አያገኝም። ዘፍጥረት 11፥6ም ይቀራል፤ እዚያ «አንድ ወገን» እና «አንድ ቋንቋ» ያላቸው ሰዎች ግንብ ይሠራሉ፣ እግዚአብሔር ይበትናቸዋል። የዝርዝሩን ስሜት ስለሚያበላሽ ይሆናል።

የስልክ መጽሐፍ ቅዱስ መፈለጊያ

በአማርኛ ለሚያጠና ሰው በእጁ ያለው ይህ ነው፤ የሚያሳስተውም በራሱ በቋንቋው በኩል ነው። ሦስት ነገር ካላወቃችሁ የፍለጋው ውጤት ግማሽ ይሆናል።

የመጀመሪያው ፊደል ነው። ኅብረት፣ ህብረት፣ ሕብረት ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለመፈለጊያው ሦስት ናቸው። አሳብ፣ ሐሳብ፣ ሃሳብም እንዲሁ። የ1954ቱ (ዓ.ም.) የአማርኛ ትርጉም «አሳብ» ብሎ በሚጽፍበት ቦታ «ሐሳብ» ብላችሁ ብትፈልጉ ስለ «አንድ አሳብ» የሚናገረው የፊልጵስዩስ መልእክት ባዶ ሆኖ ይታያችኋል። መፍትሔው አወዛጋቢውን ፊደል ቆርጦ የቀረውን መፈለግ ነው። ይህም የራሱ ጣጣ አለው፦ ከ«ኅብረት» ላይ ኅን ቆርጣችሁ «ብረት» ብትሉ የብሉይ ኪዳን ብረት ሁሉ፣ ከሰንሰለት እስከ ሠረገላ፣ ተከትሎ ይመጣል። ለዚህ ፍለጋውን በአዲስ ኪዳን መገደብ ይበቃል።

ሁለተኛው ቅጥያ ነው። «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለው ምርጫ ክፍት ከሆነ «አንድ» ሲባል «በአንድ»፣ «አንዲት»፣ «አንድም» አይመጡም። ምርጫው ሲዘጋ ደግሞ «አንድ ሰው ነበረ» የሚለው ሁሉ ይመጣል። ስለዚህ «አንድ»ን ለብቻው መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የሚያዋጣው ጥንዱን መፈለግ ነው፦ «አንድ ልብ»፣ «አንድ አሳብ»፣ «አንድ አካል»፣ «አንድ መንፈስ»። ከዚያ «አንድ» የሌለባቸውን ቁልፍ ቃላት መጨመር፦ «ተቀበሉ»፣ «መለያየት»፣ «ማሰሪያ»፣ «እርስ በርሳችሁ»።

በዚህ መንገድ መፈለጊያው አንዳንዴ የሚያስደስት ግኝት ይሰጣል። «ማሰሪያ» ብላችሁ ብትፈልጉ በ1954ቱ ትርጉም ኤፌሶን 4፥3 («በሰላም ማሰሪያ») እና ቆላስይስ 3፥14 («የፍጻሜ ማሰሪያ የሆነውን ፍቅርን») አብረው ይመጣሉ። ግሪኩም በሁለቱም ቦታ አንድ ቃል ነው። ሰላምና ፍቅር ለአንድነት እንደ ጅማት ናቸው የሚለው አሳብ በሁለት ደቂቃ ተገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፦ ትርጉሙ ራሱ አንዱን የግሪክ ቃል በተለያየ አማርኛ ሲመልሰው። በኤፌሶን 4፥5 የ1954ቱ ትርጉም «አንድ ጌታ አንድ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት» ይላል። ቁጥር 13 ላይ ያው የግሪክ ቃል «የእግዚአብሔርን ልጅ በማመንና በማወቅ ወደሚገኝ አንድነት» በሚለው ውስጥ «በማመን» ሆኗል። አዲሱ መደበኛ ትርጉም ደግሞ ቁጥር 5ን «አንድ እምነት» ይለዋል። «አንድ ሃይማኖት» የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው ቃሉን ዛሬ በምንጠቀምበት ትርጉም ወስዶ «አንድ ድርጅት» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ በዚህ ጥቅስ ዙሪያ ከሚነሡ ክርክሮች ጥቂት የማይባሉት የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ትርጉሞች ጎን ለጎን ከፍቶ ማንበብ ክርክሩን አይጨርሰውም፤ ቢያንስ ስለ ምን እንደሆነ ግን ያሳያል።

መፈለጊያው አንድ ነገር ፈጽሞ አይችልም፦ ስፋትን ማሳየት። ውጤቱ ቁርጥራጭ መስመር ነው። የቀኑ ጥቅስ የሚልከው ክፍልማ ይባስ ይቆርጠዋል፤ መዝሙር 133፥1ን ልኮ ቁጥር 2 እና 3ን ይተዋል። (በግሪኩና በግእዙ ዳዊት ቁጥሩ 132 ነው፤ ቁጥሩ ሳይገጥም ሲቀር ከዚህ የተነሣ ነው።) «እንዴት መልካም ነው» የሚለውን ይዞ ለምን መልካም እንደሆነ የሚያስረዳውን ጣለው ማለት ነው። በሁለቱ ቁጥሮች ውስጥ «እንደሚወርድ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ሽቱው ከራስ ወደ ጢም፣ ከጢም ወደ ልብስ፣ ጠሉ በጽዮን ተራራ ላይ። ዕብራይስጡም ያንኑ ግሥ ሦስት ጊዜ ይደግመዋል። አንድነት ከላይ የሚወርድ ነገር ነው፤ ወንድሞች ተሰብስበው የሚያመርቱት አይደለም። መዝሙሩ የሚለው ይህ ነው፤ የሚላከው ጥቅስ ውስጥ ግን የለም።

ኮንኮርዳንስ ከስትሮንግ ቁጥር ጋር

ጄምስ ስትሮንግ በ1890 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው ሥራ ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥና የግሪክ ቃል ቁጥር ሰጥቷል፤ የዕብራይስጡ እስከ 8,674፣ የግሪኩ እስከ 5,624 ይሄዳል። ዛሬ ቁጥሮቹ በብዙ ነጻ መተግበሪያዎች ውስጥ ገብተዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያያዙት ከእንግሊዝኛና ከግሪክኛው ጽሑፍ ጋር ስለሆነ የአማርኛ አንባቢ ጥቅሱን እዚያ ከፍቶ፣ ቁጥሩን ነክቶ፣ የሚመጡትን ጥቅሶች በአማርኛ ማንበብ ይኖርበታል። እንግሊዝኛ ማንበብ ግድ አይደለም፤ የምዕራፍና የቁጥር አኃዝ መለየት ይበቃል።

አጠቃቀሙን በሦስት ቃል ማሳየት ይሻላል።

የመጀመሪያው 1775 ነው፤ በኤፌሶን 4፥3 «አንድነት» ተብሎ የተተረጎመው ሄኖቴስ። ቁጥሩ ሲነካ በመላው አዲስ ኪዳን ሁለት ቦታ ብቻ ይመጣል፦ ኤፌሶን 4፥3 እና 4፥13። የርዕሱ ሙሉ መሠረት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ተዘርግቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁጥር 3 «የመንፈስን አንድነት ለመጠበቅ ትጉ» ይላል። ጠብቁ ነው የተባለው፤ ፍጠሩ አልተባለም። የሚጠበቅ ነገር አስቀድሞ ያለ ነገር ነው፤ ባለቤቱም መንፈስ ነው። ቁጥር 13 ደግሞ «እስክንደርስ ድረስ» ይላል፤ ገና የሚደረስበት ነው። በመካከል ያሉት ቁጥሮች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን መንገድ ይናገራሉ፦ ለእያንዳንዱ የተሰጠ ጸጋ፣ ሐዋርያት፣ ነቢያት፣ ወንጌል ሰባኪዎች፣ እረኞችና አስተማሪዎች። ከዚያ ቁጥር 14 በትምህርት ነፋስ መፍገምገምን ያስጠነቅቃል፤ ቁጥር 15 እውነትንና ፍቅርን አንድ ላይ ያስቀምጣል። አንድነትን ሁሉ የሰው ጥረት የሚያደርግ ሰው ቁጥር 3ን አላነበበም፤ «በመንፈስ አንድ ነን፣ ሌላ ምን እንሥራ» የሚል ደግሞ ቁጥር 13ን ዘሎታል።

ሁለተኛው 2675 ነው፣ ካታርቲዞ። 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥10 ላይ በ1954ቱ ትርጉም «በአንድ ልብና በአንድ አሳብም የተባበራችሁ እንድትሆኑ» በሚለው ውስጥ «የተባበራችሁ» የሆነው ይህ ግሥ ነው። ቁጥሩን ተከትላችሁ ማቴዎስ 4፥21 ስትደርሱ የዘብዴዎስ ልጆች «መረባቸውን ሲያበጁ» ታገኟቸዋላችሁ፤ ያው ግሥ። ገላትያ 6፥1 ላይ በበደል የተገኘውን ሰው «አቅኑት» የሚለውም እርሱ ነው። አንድ ቃል በአማርኛ ተባበሩ፣ አበጁ፣ አቅኑ ሆኖ ሦስት ቦታ ተበትኗል፤ በአማርኛ ፍለጋ መቼም አይገናኙም። እዚያው 1፥10 ላይ «መለያየት» የተባለው ቃል (4978፣ ስኪዝማ) ደግሞ ማቴዎስ 9፥16 ላይ የልብሱ «መቀደድ» ነው። ጳውሎስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለመቀደድና ለመጠገን የሚሆኑትን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጧል። የተቀደደ መረብ ዓሣ አይይዝም፤ አይጣልም ግን፤ ተቀምጦ ዐይን በዐይን ይጠገናል። ይህን ማየት ኮንኮርዳንሱ ብቻ የሚሰጠው ነው።

ሦስተኛው 3661 ነው፣ ሆሞቱማዶን፤ የ1954ቱ ትርጉም «በአንድ ልብ ሆነው» የሚለው። ደቀ መዛሙርት በአንድ ልብ ሆነው ለጸሎት ይተጉ ነበር (ሐዋ. 1፥14)፤ በመቅደስ (2፥46)፤ በስደት ጊዜ (4፥24)። ሰባኪ የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ቁጥሩን እስከ ታች ተከተሉት፦ 7፥57 ላይ እስጢፋኖስን ለመውገር የሮጡት ሰዎች በአንድ ልብ ነበሩ። 18፥12 ላይ በጳውሎስ ላይ የተነሡትም፣ 19፥29 ላይ በኤፌሶን ጳውሎስን አጅበው የሄዱትን እየጎተቱ ወደ ጨዋታ ስፍራ የሮጡትም እንዲሁ። ሉቃስ ለቤተ ክርስቲያንና ለወጋሪዎች አንድ ቃል ተጠቅሟል። ስለዚህ ስሜት መግጠሙ፣ ድምፅ መግጠሙ፣ ሁሉ አንድ አቅጣጫ መሮጡ ብቻውን የእውነተኛ አንድነት ምልክት ሊሆን አይችልም። ማን ላይ እንደቆመና ወዴት እንደሚሮጥ መጠየቅ ግድ ይላል። ከሐዋርያት ሥራ ውጭ ቃሉ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ሮሜ 15፥6፤ እዚያም «በአንድ ልብ» የተባለው ስለ መብልና ስለ ቀን ሳይስማሙ ለቀሩ ሰዎች ነው።

የኮንኮርዳንሱ ጉድለትም ይነገር። ስትሮንግ «አንድ» የሚለውን የግሪክ ቃል በጾታ ከፍሎ ሁለት ቁጥር ሰጥቶታል፦ የወንዴና የግዑዙ 1520፣ የሴቴው 3391። በኤፌሶን 4፥4–6 ያሉት ሰባት «አንድ»ዎች በዚህ ምክንያት ይበተናሉ። 1520ን ብቻ የተከተለ ሰው አካል፣ መንፈስ፣ ጌታ፣ ጥምቀትና አምላክ ያገኛል፤ ተስፋና እምነት ይቀሩበታል። «አንድ ልብ አንዲትም ነፍስ» የሚለው ሐዋ. 4፥32ም ከ3391 ጋር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ መፈለግ ግድ ነው።

ሌላው ቁጥሮቹ በአሮጌው የእንግሊዝኛ ትርጉም (ኪንግ ጄምስ) ላይ መመሥረታቸው ነው። ለምሳሌ 3661 በስትሮንግ 12 ጊዜ ይቆጠራል፤ በቅርብ ጊዜ በተዘጋጁት የግሪክ ምንባቦች ግን 11 ነው፤ ሐዋ. 2፥1 ላይ «አብረው» የሚል ሌላ ቃል ስላላቸው። ልዩነቱ ትምህርት አይለውጥም፤ ሁለት መተግበሪያ የተለያየ ቁጥር ሲያሳይ ግን መደናገጥ አይገባም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። ዮሐንስ 10፥16 ላይ ግሪኩ ለ«በረት» አንድ ቃል፣ ለ«መንጋ» ሌላ ቃል አለው። ስትሮንግ የተመሠረተበት እንግሊዝኛ ሁለቱንም «በረት» በሚለው ቃል ተርጉሞታል፤ የላቲኑ ቩልጋታም እንዲሁ። አማርኛው ለይቶ «ከዚህም በረት ያልሆኑ ሌሎች በጎች» ካለ በኋላ «አንድም መንጋ ይሆናሉ እረኛውም አንድ» ይላል። በጎቹን አንድ የሚያደርጋቸው አጥሩ ነው ወይስ እረኛው? ጥያቄው የሚታየው በአማርኛው ነው።

ኢንተርሊኒየር

ግሪክኛ ለማያውቅ ሰው አደገኛም ጠቃሚም ነው። የሚጠቅመው በሦስት አራት ቦታ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ጥናት ሲባል መግዛት አያስፈልግም፤ ነጻው ይበቃል።

አንዱ ቦታ ዮሐንስ 17ና ገላትያ 3፥28 ናቸው። በዮሐንስ 17 «አንድ» የሚለው ግዑዝ ጾታ ነው፤ ዮሐንስ 10፥30 ላይ «እኔና አብ አንድ ነን» የሚለውም እንደዚሁ። ገላትያ 3፥28 ላይ ግን ወንዴ ነው፤ የ1954ቱ ትርጉም «አንድ ሰው ናችሁና» ብሎ «ሰው»ን የጨመረው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ቦታ ኤፌሶን 4፥3 ነው፦ አማርኛው «ትጉ» ብሎ ትእዛዝ ያደርገዋል፤ በግሪኩ ቁጥር 1 ላይ «ትመላለሱ ዘንድ» በሚለው ላይ የተንጠለጠለ «እየተጋችሁ» ነው። አንድነትን መጠበቅ ለብቻው የቆመ ፕሮግራም አይደለም፤ ለመጠራት የሚገባ አካሄድ አንዱ መልክ ነው፣ ከትሕትና፣ ከየዋህነትና ከትዕግሥት ጋር።

የሚያሳስተው ከቃሉ ሥር ያለውን አንድ ፍቺ ይዞ ትምህርት መሥራት ነው። ፍቺው መያዣ ብቻ ነው። ከሥር «አንድ» የሚል ቃል ቆጥሮ ቁጥሩን ትርጉም ለመስጠት መሞከርም አይሆንም፤ ዮሐንስ 17፥21 ላይ «በእኛ አንድ ይሆኑ ዘንድ» በሚለው ውስጥ ያለው «አንድ» በአንዳንድ የግሪክ ምንባቦች የለም።

ማስታወሻ ያለው የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ

ስለዚህኛው ብዙ የሚባል የለም። ታሪካዊ መረጃው ይጠቅማል። ለምሳሌ ኤፌሶን 2፥14 «የጥል ግድግዳ» በሚለው ላይ በኢየሩሳሌም መቅደስ አሕዛብ እንዳያልፉት ተከልሎ የነበረውን አጥር ይጠቅሳል፤ የሚያልፍ ሰው ሞቱን በራሱ ላይ እንደሚያመጣ በግሪክኛ የሚያስጠነቅቀው ድንጋይ በ1871 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተገኝቷል። ጳውሎስ ያሰበው ያንን አጥር ነው የሚለው ግን ግምት ነው፤ ጥሩ ማስታወሻ «ሊሆን ይችላል» ይላል፣ ደካማው «ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ዋናው ችግር ማስታወሻ ጸሐፊው የአንድ ወገን ሰው መሆኑ ነው፤ በዚህ ርዕስ ላይ ደግሞ ወገንተኝነት ከየትም ይልቅ ይታያል። ኤፌሶን 4፥5 ላይ ስለ ጥምቀት የተጻፈውን ከሁለት የተለያዩ ወገኖች ማስታወሻ አንብቦ ማወዳደር በቂ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ተነብቦ፣ ጥያቄው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ይከፈት።

አብረው ሲሠሩ

ለስድስት እስከ ስምንት ሰው ጥናት አራት ስብሰባ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

በመጀመሪያው ዮሐንስ 17ን ያለ ቁጥርና ያለ ንዑስ ርዕስ በወረቀት አትሙ። የቁጥር ክፍፍሉ አዲስ ኪዳን ላይ በ1551 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የገባ ነው፤ ጠቃሚ ቢሆንም ዓረፍተ ነገር ይቆርጣል። 26ቱም ቁጥሮች ሁለት ጊዜ ድምፅ ወጥቶ ይነበቡ። ከዚያ በ1954ቱ ትርጉም «ዘንድ» የሚለው ሁሉ ይሰመርበት፦ «አንድ ይሆኑ ዘንድ»፣ «ዓለም ያምን ዘንድ»፣ «ዓለም ያውቅ ዘንድ»። ዘንዶቹ ሲሰለፉ የጸሎቱ አቅጣጫ ራሱ ይታያል፤ አንድነቱ መድረሻ አይደለም፣ ከኋላው ሌላ ዘንድ አለ። «በእውነትህ ቀድሳቸው» የሚለው ቁጥር 17 ከቁጥር 21 ልመና በፊት መሆኑንም ልብ በሉ።

ሁለተኛው ኤፌሶን 4፥1–16 ከኮንኮርዳንሱ ጋር ነው፤ ከላይ እንደተባለው 1775፣ ከዚያ 1520 እና 3391።

ሦስተኛው ሮሜ 14፥1 እስከ 15፥13 ነው፤ 36 ቁጥር። ምዕራፉ 14 ላይ ሲያልቅ ማቆም የተለመደው ስሕተት ነው፤ ክርክሩ የሚቋጨው 15፥7 ላይ ነው። 14፥1 «ተቀበሉት» ብሎ ይከፍታል፣ 15፥7 «ክርስቶስ እንደ ተቀበላችሁ እርስ በርሳችሁ ተቀባበሉ» ብሎ ይዘጋል፤ ግሪኩም አንድ ግሥ ነው (4355)። እዚህ ላይ ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ በአንድ በኩል ጳውሎስ «ተዉት» ያላቸውን ነገሮች (መብል፣ ቀን)፣ በሌላው ገላትያ 1፥8ንና 2፥11–14ን መጻፍ ይረዳል። ያው ሰው ስለ አትክልት ተቻቻሉ ያለው፣ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ሲያቋርጥ ግን ፊት ለፊት ተቃወመው። ሁለቱም ጉዳይ ማዕድ ነው። በሮም መብሉ የኅሊና ጉዳይ ነበር፤ በአንጾኪያ ከማዕዱ መራቁ «አሕዛብ በክርስቶስ ብቻ አይበቁም» የሚል መልእክት ያዘለ ስለነበር የወንጌሉ ጉዳይ ሆነ። ውይይቱ የሚሞቀው እዚህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ለብቻው ይያዝለት።

አራተኛው የተጣላ ሰው ምን ያድርግ የሚለው ነው፤ ማቴዎስ 5፥23–24፣ 18፥15–17፣ ፊልጵስዩስ 4፥2–3። መሣሪያ አያስፈልግም። ማቴዎስ 5 የበደለው እንዲሄድ ያዛል፣ ማቴዎስ 18 የተበደለው፤ «እርሱ ይምጣ» የሚል ሰው የትኛውም ጥቅስ ላይ ቦታ የለውም። ፊልጵስዩስ ላይ ደግሞ ጳውሎስ «እመክራለሁ» የሚለውን ለኤዎድያን አንድ ጊዜ፣ ለሲንጤኪን አንድ ጊዜ ይደግመዋል፤ ለሁለቱ በአንድ ግሥ መናገር ይችል ነበር። ማን እንደጀመረው አይናገርም፣ ጠቡ ስለ ምን እንደነበረም አይገልጽም። ቀጥሎ ሦስተኛ ሰው ይጠራል፤ አብሮት የተጠመደውን እውነተኛ የሥራ ባልደረባውን፣ ሴቶቹን እንዲያግዛቸው። በስም አልጠቀሰውም። የጥናት መጽሐፍ ቅዱሱን ማስታወሻ የምትከፍቱት እዚህ ላይ ከሆነ በዚያ ቦታ የምታገኙት የእጩዎች ዝርዝር ነው፤ ዝለሉትና በክፍላችሁ ውስጥ ያንን ሥራ ማን እንደሚይዘው ተነጋገሩ።